አጃቢዬ ሰባት ቤት ሲቆጥር

እኛ ሐይፋ ያለን ቤተ እስራኤሎች ያለ አጃቢ የፈጸምነው ጉዳይ የለም። አጃቢ ማለት የራሱ ጉዳይ የሌለው፣ ያለ እሱ ግን የማንም ጉዳይ የማያልቅ ሰው ነው። ጥርስ ልታስነቅል ስትሄድ አብሮህ ገብቶ፣ አንተ ዝም ስትል እሱ "ወይኔ!" ይላል።

የኔው አጃቢ ክቡር አቶ ፈንታሁን ነው፤ የወደብ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ወንደላጤ። የተዋወቅነው ከሃያ ዓመት በፊት የመንጃ ፈቃድ ፈተና ስወድቅ ነው። የራሱን የአክስት ልጅ ሊያጅብ መጥቶ፣ ፈታኙን ስለ እኔ ተቆጣልኝ።

ባል ሳይገኝ ሠላሳ ዘጠኝ ሲሞላኝ፣ ማንነቱ ከማይታወቅ ለጋሽ ዘር ወስጄ ልወልድ ቆረጥኩ። ከማን ጋር ሐኪም ቤት እንደሄድኩ መናገር አያስፈልግም። እኔ ሁለት ጥያቄ ስጠይቅ እሱ ከወረቀት እያነበበ አሥራ ሰባት ጠየቀ። ስለ ለጋሹ የተጻፈውንም አይቶ፣ "ዋና ይወዳል ይላል። ዋና ደግሞ ምን ሙያ ነው?" አለ።

"አባትየው አንተ ነህ?" አለችው ሐኪሟ።

ደረቱን ነፍቶ፣ "እኔ አጃቢ ብቻ ነኝ" አላት።

በምጤም ቀን ይህንኑ ሰማሁ። ያማጥኩት እኔ፣ ራሱን የሳተው እሱ። አዋላጇ እኔን ትታ ውኃ ስትረጨው፣ ዓይኑን ሳይገልጥ "አጃቢ ብቻ ነኝ" አለ።

እናቴ ልጄን ኖጋን ስታቅፍ እልል ብላ፣ ወዲያው አለቀሰች። "ስታገባ ዘመዷን እንዳታገባ ሰባት ቤት ማን ይቆጥርላታል? ባንቺ በኩል እኔ አለሁ። ባባቷስ?" ጥያቄዋ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ፈንታሁን ግን በየቀኑ ከሥራ መልስ ይመጣል። ዳይፐር ይቀይራል፤ ለክትባት አጅቧት ሄዶ ከሷ ቀድሞ ያለቅሳል። የትኛው ወረፋ ላይ እንደወደድኩት አላውቅም።

ኖጋ ሦስት ዓመት ሊሞላት ሲል መሥሪያ ቤቱ በአገሩ ደቡብ ጫፍ ወዳለችው ኤይላት አዛወረው። "እሑድ እሄዳለሁ" አለኝ። "አትሂድ" ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ባል አይደለ፣ ወንድም አይደለ፤ አጃቢን ምን ብለው ያስቀሩታል?

ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ሊሰናበት መጣ። እናቴ የሰንበቱን ዳቦ አስቀመጠችና፣ "ና ቁጭ በል። ሰባት ቤትህን ቁጠር" አለችው።

ለኖጋ የምታስቆጥረው መስሎት ዓይኑ እንባ አቀረረ። "እማማ፣ እኔ እኮ በደም..."

"ቁጠር አልኩህ!"

"ፈንታሁን አለነ፣ አለነ ብሩ፣ ብሩ ተገኘ..." እናቴ በጣቷ ትከተለዋለች። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ግንባሯን ቋጠረች። "ይሄ ጀንበሩ የኛው ዘመድ፣ የወገራው ነው?"

"የለም፣ የጭልጋው።"

እናቴ ስትተነፍስ እኔም ተነፈስኩ። ለምን እንደምታስቆጥረው ያኔ ገባኝ።

ሰባተኛውን ሲጨርስ ወደኔ ዞረች። "ከኛ ጋር አይገናኝም። እንግዲህ የናንተ ጉዳይ ነው።"

ለሐኪሟ አሥራ ሰባት ጥያቄ የነበረው ሰው አንድም ቃል ጠፋው። አፉን ሊከፍት ሲል ቀደምኩት። "አጃቢ ነኝ ብትል ወየውልህ!"

"እሑድ አልሄድም" አለ። ወዲያው ግን አንድ ነገር በጣም አሳሰበው። "ታዲያ ስንጋባ እኛን ማን ሊያጅበን ነው?"

ኖጋ ግራና ቀኙን አቀያይራ ጫማዋን አድርጋ፣ በር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር።