አያ ክንዱ መደብ ላይ የተቀመጡበት ቀን

ዓለም በተፈጠረ በሰባት ሺህ አራት መቶ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፣ ጣሊያን ቡሬ ላይ በሰፈረ በሦስተኛው፣ ታላቁና ትሑቱ አያ ክንዱ በማኅበራችን መካከል ቆመው ማሳለፍ በጀመሩ በዐሥራ አንደኛው ዓመት፣ ኅዳር ፲፪ ቀን፣ በበዓለ ሚካኤል የሆነውን እኔ ደብተራ ክንፈሚካኤል፣ የማኅበረ ዕፀው ወአዕዋፍ ጸሐፊ፣ በዓይኔ እንዳየሁት እጽፋለሁ። የሚጠራጠር ቢኖር ጉሮሮዬን ይጠይቅ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እንደ ድሮው አልሆነልኝም።

ማኅበረ ዕፀው ወአዕዋፍ የምንባለው ዐሥራ ሁለት ሰዎች ነን፤ ቄስም ደብተራም ገበሬም አለብን። ሥራችን የትኛው ዛፍ በየትኛው ወር እንደሚያብብ፣ ንብ የቱን አበባ ከየቱ እንደምታስበልጥ፣ ሽመላ መቼ መጥታ መቼ እንደምትሄድ መርምሮ በብራና ማስፈር ነው። እውነቱን ለመናገር ግን መርማሪው አንድ ሰው ነበሩ። እኛ ጠላ ይዘን ስለ ወይራ ስንከራከር ወይራው ሥር ሄደው የሚያዩት የግራዋ ወዳጅ፣ የንብ ምሥጢረኛ፣ የሽመላ ተቀባይ፣ ቆላውን በጠዋት ደጋውን በማታ የሚረግጡት አያ ክንዱ ነበሩ። ከቡሬ ተነሥተው ዛሬ ፍኖተ ሰላም እስከሚባለው አገር፣ ከዚያም ሽቅብ እስከ ፈረስ ቤት በየወሩ ሲዞሩ አንድ ቁና እህል የሰጣቸው የለም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ይህም አልበቃ ብሎ በማኅበሩ ቀን አሳላፊ ሆነው ይቆማሉ። በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በጉባኤያችን አንድም ቀን ተቀምጠው አያውቁም፤ ጉልበታቸውም አብጦ ቅል አክሎ ነበር። እኛም አይተን ዝም አልን፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ኋላ ግን የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት አለቃችን፣ መምህር ወመገሥጽ የሆኑት አለቃ ገብረሰንበት እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦

«ስሙ አባላት! ያልሰማ እንዳይቀር፣ የሰማም አልሰማሁም እንዳይል! ያገለገለንን ሳናከብር ብንሞት በሰማይ ምን እንመልሳለን? በሚካኤል ቀን አያ ክንዱ ከመደቡ ራስ ላይ ይቀመጡ! የዐሥራ አንድ ዓመት ድካማቸው ይነበብ! ንባቡ ሳያልቅ ከተነሡ ግን ክብሩ አልጸናምና በሥርዓታችን መሠረት ከመጀመሪያው ይደገም!»

አንባቢው እኔ ነኝ። ብራናው ሃያ ስምንት ገጽ ነው። እኔን ያማከረኝ የለም።

ያገሬ ሰው እንግዳ ሲገባ «ኖር!» ብሎ ብድግ ማለቱ የታወቀ ነው፤ ገቢውም «በእግዜር!» ሲል ሁሉም ተመልሶ ይቀመጣል። አያ ክንዱ ግን በ«በእግዜር» የሚመለሱ ሰው አይደሉም። ሙሉ በሙሉ ይቆማሉ፣ ቦታቸውን ይለቃሉ፣ ከዚያም የገባውን ሊያስተናግዱ ጋን ወዳለበት ይሄዳሉ። እኛ ለመክበብ የወጣነው ይህንን ምሽግ ነበር።

ጦሩ የተሰለፈው በወይዘሮ እማዋይሽ ቤት ነው። በፊት ደጅ ባዬ ባለ ረጅሙ ዱላ፣ በጓሮ ዘሩ የንብ አባት፣ በማጀት ባለቤቲቱ እማዋይሽ ማማሰያ ታጥቀው፣ በመደቡ ግራና ቀኝ ሁለት ቄሶች እንደ ግንብ ቆሙ። ቁርበት ተነጥፎ፣ ብዙ ተለምኖ፣ በሚካኤል ስም ተገዝቶ፣ ያ ክቡር ሰው ተቀመጡ። እኔም ጀመርኩ።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ አለቃ ገብረሰንበት ራሳቸው ከውጭ ተመለሱ። ለካስ በመካከል ወጣ ብለው ኖሯል! አያ ክንዱ «ኖር!» አሉና ቆሙ። ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ስድስተኛው ገጽ ላይ እማዋይሽ ወጥ ይዘው ብቅ ቢሉ ድስቱን ሊቀበሉ ተነሡ። ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ዐሥራ ዘጠነኛው ገጽ ላይ፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ዐሥራ ዘጠነኛው ላይ፣ የጎረቤታችን የአልጣሽ ጥጃ በባዬ እግር መካከል ሾልካ ገባች፤ አያ ክንዱም ተነሡ። ሊያባርሯት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን በቅርብ ነበርኩና «ኖር» ሲሉ ሰምቻለሁ።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ እማዋይሽ ተቆጥተው ማማሰያቸውን ከፍ አድርገው አወጁ፦

«ከእንግዲህ በዚህ ደጅ የሚገባ፣ ሰውም ይሁን ከብት፣ በኔ በኩል አልፎ ይሞክራት! ውጭ ያለ እዚያው ይቆይ፤ ወጡን ባጥር አቀብለዋለሁ!»

ደጁ ተዘጋ። አራተኛውን ንባብ ጀመርኩ። ጥቂት ሳልቆይ ደጁ በርግጫ ተከፈተና ቡሬ ላይ የሰፈረው የጣሊያን ምሽግ አዛዥ ከነአለንጋው፣ ከነወታደሮቹ ገባ። ከአምስት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነበርና ወሬ ደርሶት ኖሯል። ደረሰ የሚባለው አስተርጓሚው፣ የዚያው የቡሬ ልጅ፣ እንዲህ ሲል ጮኸ፦

«ሹም ገብቷል! ተነሡ፣ እጅ ንሡ! ያልተነሣ በጀርባው ይከፍላል!»

ሁላችንም ተነሣን። እኔም ተነሣሁ፤ እጄንም አነሣሁ፤ የታሪክ ጸሐፊ አይዋሽም። አያ ክንዱ ግን አልተነሡም። ለአለቃ የተነሡ፣ ለድስት የተነሡ፣ ለጥጃ የተነሡት ሰው ጋቢያቸውን አስተካክለው ቁርበቱ ላይ ይበልጥ ተመቻቹ። ኋላ ስንጠይቃቸው ኖር የሚባለው ለእንግዳ እንጂ ቤት ለሚቀማ እንዳልሆነ፣ ይህንንም ለተማረ ሰው ማስረዳት እንደሚከብዳቸው ገልጸውልናል።

አዛዡ ቀላ፤ አለንጋውንም አነሣ። ያን ጊዜ አስተርጓሚው በፍጥነት ሄዶ የአያ ክንዱን ጋቢ ገልጦ ያበጡትን ጉልበቶች አሳየው፤ በጣሊያንኛም ብዙ ተናገረ። ሰውየው ከተወለዱ ጀምሮ ሽባ ናቸው፣ የተሰበሰቡትም እንዲፈውሳቸው ሚካኤልን ሊለምኑ ነው ማለቱን የሰማነው በኋላ ነው። ጉልበቶቹ እውነተኛ ነበሩና አዛዡ አመነ። ደረሰን ስረግመው የኖርኩትን ግማሹን አነሣሁለት። ግማሹን ግን አላነሣሁም፤ ምክንያቱም ከመውጣታቸው በፊት የአዛዡን ቃል በዚሁ አፉ አወጀብን፦

«ይህ ሰው በእግሩ ሲሄድ የታየ ቀን እሱም እናንተም ገበያ መካከል ትሰቀላላችሁ!»

ከዚያ በኋላ ማንም ሊገባ የደፈረ የለም። ሃያ ስምንቱንም ገጽ አነበብኩ። አያ ክንዱ ተቀምጠው ሰሙ፤ ክብራቸውም ጸና። ብዙዎቻችን አለቀስን፤ ግማሹ ከፍርሃት ነው።

ሞት በአዋጅ ተነግሮብናልና በማግስቱ ቃሬዛ ሠራን። ወይራውስ ማን ይየው? ስለዚህ ለሁለት ዓመት ከሦስት ወር ያህል ማኅበረ ዕፀው ወአዕዋፍ፣ ቄሱም ደብተራውም ገበሬውም፣ አራት አራት እየሆነ በተራ አያ ክንዱን ተሸክሞ በምሽጉ ሥር አለፈ፣ ገበያ አቋረጠ፣ ዳገት ወጣ። እሳቸው ተጋድመው ቀና እያሉ ዛፍ ይቆጥራሉ፤ ዋንዛ ሥር ስንደርስ ያቆሙናል፤ ንብ ካለችበት እስክትጠግብ ያስጠብቁናል። ዛፍ ምን ያህል እንደሚራራቅ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ እኛን ማድከማቸው ከብዷቸው ያለቅሱ ነበር። እያደር ግን ተዉት።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በየካቲት መጨረሻ፣ ጣሊያን ቡሬን ለቆ ሸሸ። ከበሮ ተመታ፣ እልልታ ቀለጠ። እኛም ቃሬዛውን በገበያው መካከል አውርደን፣ ትከሻችንን እያሻሸን፣ አያ ክንዱ በእግራቸው የሚቆሙባትን ታላቅ ሰዓት ከበን ጠበቅን። እሳቸውም ቀና ብለው ሕዝቡን አዩ፣ እኛን አዩ፣ በደመና የተሸፈነውን የፈረስ ቤት ዳገት አዩ። ከዚያም በዘመናቸው ያወጁትን ብቸኛውን አዋጅ አወጁ፦

«እዚያ ላይ ያለው ኮሶ ገና አልተቆጠረም። ሽቅቡን በእግር አይቻልም፤ አንሡ!»

አነሣን። እየሳቅን፣ እያለቀስን አነሣን፤ አለቃ ገብረሰንበትም በሰማንያ ዓመታቸው የፊቱን እጀታ ለማንም አልለቅም አሉ። ስብሐት ለእግዚአብሔር፣ እንዲህ ያለ ሰው ለሰጠን! ክብር ለአያ ክንዱ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ስለ እኛ ለቆሙት፣ ቆመውም ላላማረሩት፣ ዛፍን በስሙ ወፍን በድምፁ ለሚያውቁት! ትከሻችንም ይባረክ፤ እስከ ፈረስ ቤት ገና ብዙ ይቀረዋል።