ባሽሙሃንዲስ ገብረየስና የተጣበቀው ቫልቭ

በየትም አገር፣ በየትኛውም ሰፈር፣ «ተወው፣ ይቅር» የሚል ቃል ጆሮው የማይገባ አንድ ባለሙያ አይጠፋም። ለኸርጡም ሐበሻ የታደለን ክቡር ባሽሙሃንዲስ ገብረየስ ነው። «ባሽሙሃንዲስ» ሱዳኖች መሐንዲስን የሚያከብሩበት ስም ነው። ገብረየስ ዲግሪ የለውም፤ ማዕረጉን የሰጡት ደንበኞቹ ናቸው፣ ገሚሱ በአክብሮት፣ ገሚሱ አፉን ለማስዘጋት።

አፉ ግን አይዘጋም። «እስቲ መጀመሪያ እንፈትሽ!» ይላል፤ ማቀዝቀዣም ይሁን ወሬ። ለቅሶ ቤት ገብቶ ማራገቢያ የፈታ ሰው ነው። «ሟቹ አይቸኩልም፤ ይሄ ሞተር ግን ሊቃጠል ነው» አለ፣ በቤተ ዘመዱ ፊት። ሐኪሙ ደም ግፊት አለብህ ቢለው፣ «መለኪያውን ማን ፈተሸው?» ብሎ ተጣልቶ ወጣ። እኔ የቀድሞ አስተማሪ፣ ያኔ በአል-ሳሃፋ ሰፈር የፎቶ ኮፒ ቤት ሠራተኛ፣ ከእሱ ጋር መንገድ መሄድ አፍር ነበር።

በ1995 ዓ.ም. ግንቦት፣ ኸርጡም እንደ ምጣድ በጋለችበት ሰሞን፣ ሉጥፊያ እያለቀሰች ሱቃችን ገባች። ሉጥፊያ የወሎ ልጅ ናት፤ አርካዊት ሰፈር ሲት ኒዕማ የምትባል እመቤት ቤት አራት ዓመት ሠርታለች።

«ጋሼ፣ ኤሲው ሙቅ አየር መትፋት ጀመረ። ሪሞቱን ነካክተሽ አቃጠልሽው አሉኝ። ወላሂ እንደ ሁልጊዜው ነው የከፈትኩት! እስከ ቅዳሜ ልቀቂ ተባልኩ። ኢቃማዬም በእመቤቲቱ እጅ ነው።»

ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ያለ እሱ መንገድ ላይ ፖሊስ ካገኛት አለቀላት። እኔም የስደተኛ ብልሃቴን አካፈልኳት፤ «ማዕሌሽ፣ ይቅርታ፣ አጥፍቻለሁ በያት። እግሯ ላይ ውደቂ።»

ገብረየስ ጥግ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ መታው።

«ምን አጥፍታ ነው ማዕሌሽ የምትለው? ማን ፈተሸው?» ወደ እኔ ዞረ። «አንተም ተነስ። አስተማሪ ነኝ ትላለህ፣ ልጅቱን ውሸት ታስተምራለህ!»

አርካዊት ስንደርስ የሲት ኒዕማ ወንድም ሙስዐብ በር ላይ ተቀበለን። ፍርዱን የሰጠው እሱ ነበር፤ «ኸዳማዋ፣ ይቺ ሠራተኛ፣ የማሞቂያውን የፀሐይ ምልክት ተጭና አበላሸችው።»  ገብረየስ ሳሎን ገብቶ ሪሞቱን ለሲት ኒዕማ ሰጣት። «ማቀዝቀዣውን እርስዎ ራስዎ ይጫኑ።» ጫነች። የበረዶው ምልክት በራ። ኤሲው ግን እንደ ዳቦ ቤት አፍ ሙቀት ለቀቀባት።

ከዚያ ግቢ ወጥቶ የውጭውን ማሽን ከፈተ። «ይሄ ማሽን ቤት የሚያሞቅም የሚያቀዝቅዝም ነው» አለ። «ጋዙን ወዲህ ወይም ወዲያ የሚመልሰው ይሄ ባለ አራት ቧንቧ ቫልቭ ነው።» ለቫልቩ ትእዛዝ የሚያደርሰውን ኮይል በቴስተር ለካ። «አሙቅ ሲባል ብቻ ነው ኤሌክትሪክ የሚመጣው። አሁን የለም። ትእዛዙ ልክ ነው።» የሙስዐብን እጅ ይዞ ወደ ቤት የሚገባው ቧንቧ ላይ አሳረፈው። ሙስዐብ እጁን መንጭቆ ወሰደ፣ ይፋጃል። «መቀዝቀዝ ነበረበት። ትእዛዙን የማይሰማው ቫልቩ ነው፤ ማሞቂያው ላይ ተጣብቋል።» በእንጨት እጀታ ቀስ አድርጎ መታ መታ አደረገው፤ ንቅንቅ አላለም። «ይሄ ዕድሜና ቆሻሻ ነው። በሪሞት ማንም አያጣብቀውም።»

ሙስዐብ ሊሸነፍ አልወደደም። «ቆርጠህ ጣለውና ቧንቧውን በቀጥታ አገናኘው! ኸርጡም ውስጥ ማሞቂያ ማን ይፈልጋል?»

«እርስዎ እግርዎን ሲያምዎ ያስቆርጡታል?»

በማግስቱ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ሄደን አዲስ ቫልቭ አመጣን፤ ሦስት ሱቅ ያቀረበለትን እያገላበጠ ሲመልስ ነጋዴዎቹ የሰደቡት በእኔ ፊት ነው። ጋዙን ወደ ባዶ ሲሊንደር ሰበሰበ፣ አሮጌውን በእሳት አላቆ አወጣ። አዲሱን ሲበይድ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለው፤ ውስጡ ያለው ፕላስቲክ እንዳይቀልጥ። ውሃ አፍሳሹ እኔ ነበርኩ። «አፍስስ! ጨርቁ ደረቀ! ጂኦግራፊ አይደለም ይሄ!» ብየዳው ሲያልቅ በናይትሮጅን ሞልቶ በሳሙና አረፋ ፈተሸው፣ አየሩን በፓምፕ መጦ አወጣ፣ ጋዙን መዝኖ ሞላ።

ሲት ኒዕማ ማቀዝቀዣውን ተጫነች። ቀዝቃዛ አየር መጣ። «አልሐምዱሊላህ!» አለ ቤቱ ሁሉ። እኔም ልነሳ ስል፣

«ገና ነው» አለ ገብረየስ። «አሁን ማሞቂያውን ይጫኑ።»

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ አብደሃል? ውጭው አርባ አራት ዲግሪ ነው!» አለ ሙስዐብ።

«ግማሽ ፈተና ፈተና አይደለም። ነገ ቢጣበቅ የምትከሱት እሷን ነው።»

ሲት ኒዕማ ተጫነችው፤ ማሽኑ ትንሽ አርፎ ተነሳ። ቻክ! ቀጥሎ ሽሽሽ የሚል የጋዝ ድምፅ። ሳሎኑ ምድጃ ሆነ። የሙስዐብ ጀለቢያ በላብ ጀርባው ላይ ተጣበቀ። ገብረየስ ደጋግሞ አዘዋወረው፤ ሙቅ፣ ቀዝቃዛ፣ ሙቅ፣ ቀዝቃዛ። በየጊዜው ጆሮውን ቫልቩ ላይ አስጠግቶ ቧንቧዎቹን ይዳስሳል። በመጨረሻ «ታዛዥ ሆኗል» አለ።

የውጭውን ማሽን ክዳን ግን አልገጠመም። ይዞት ሳሎን ገባና ቆመ።

«ገብሬ፣ በፈጠረህ፣ ግጠመውና እንሂድ» አልኩት በአማርኛ።

«ሥራው አላለቀም።» ወደ እመቤቲቱ ዞሮ በዚያ በተሰባበረ አረብኛው ቀጠለ። «ሲት ኒዕማ፣ ማሽኑ ተፈተሸ። ሉጥፊያም ተፈተሸች። ጥፋት አልተገኘባትም። ለማሽኑ አልሐምዱሊላህ ተባለ። ለሷስ?»

«አንተ ቴክኒሽያን ነህ ወይስ ቃዲ?» ጮኸ ሙስዐብ።

«ፈትሼ ያገኘሁትን ነው የምናገረው።»

እኔ በሩን አየሁ። ፖሊስ ቢጠሩ ከሦስታችን ሙሉ ወረቀት በእጁ ያለው የለም። ሉጥፊያ ሰሃን ይዛ ከማድ ቤቱ ደጃፍ ቆማለች።  ሲት ኒዕማ ተነሳች፣ ሰሃኑን ተቀበለቻት። «ማዕሌሽ ያ ሉጥፊያ። በደልንሽ።»

ሉጥፊያ እንባዋን ጠረገች። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ «ሰማሁ፣ ሲቲ፣ እመቤቴ» አለች። «ኢቃማዬን ስጪኝ። ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ ጋር ይቀመጥ።»

እኔ ይህን ለመጠየቅ ድፍረት አይኖረኝም ነበር። ሲት ኒዕማ መሳቢያውን ከፍታ አመጣችላት። ገብረየስ ያኔ ወጥቶ ክዳኑን ገጠመ፤ እያንዳንዱን ብሎን።

ስንመለስ ሀፍላ፣ የከተማ አውቶቡስ፣ ተሳፈርን። ብዙም ሳንርቅ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ይሰማሃል? የኋላው ጎማ ቤሪንግ አልቋል።» ተነስቶም ጮኸ፤ «ያ ኡስጣ፣ አቁም!»

ሾፌሩ በመስታወት ገላምጦት ነዳ። ተሳፋሪው ያጉረመርም ጀመር። «ይሄ ሐበሻ አበደ» አለ አንዱ።

በእንዲህ ያለ ሰዓት እኔ ልማድ አለኝ፤ ፊቴን ወደ መስኮት አዙሬ የማላውቀው ሰው እመስላለሁ። ዓመታት እንደዚያ አድርጌያለሁ። የዚያን ቀን ግን እግሬ ቀድሞኝ ተነሳ።

«አቁም ተብለሃል!» አልኩ በአረብኛ፤ ድምፄን ራሴም አላወቅሁት። «ይሄ ሰውዬ አልቋል ካለ አልቋል!»

ሀፍላው ቆመ። ስድብ እንደ ዝናብ ወረደብን። ገብረየስ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ተንበርክኳል።

«መፍቻ!» ሲል ሰማሁት።

የዕቃ ቦርሳውን ተሸክሜ፣ እየተሰደብኩ፣ ወረድኩ።