የሀሲና ሰባት ገዳማት

በዓለም ላይ ካሉ መንገደኞች ሁሉ የሚያደክመው አንድ ጊዜ ብቻ የተጓዘ ሰው ነው። ብዙ የዞረ ሰው አገሮቹ ስለሚምታቱበት ዝም ይላል። ከቤቱ ወጥቶ የማያውቅም የሚያወራው የለውም። አንድ ጊዜ የሄደ ግን አይጣል ነው! እናንተም ሰፈር አይጠፋም፦ አንዴ ካይሮ ደርሶ የተመለሰ ጎረቤት፣ ዱባይ ኤርፖርት ስድስት ሰዓት ተቀምጣ የዱባይን ሕዝብ ጠባይ የምታስረዳ የአክስት ልጅ።

የእኔዋ ሀሲና ትባላለች። የሄደችውም ላዳክ ነው።

ላዳክ የት ነው ለምትሉ፣ እኔም አላውቅም ነበር፤ አሁን ግን ከምፈልገው በላይ አውቃለሁ። በህንድ ሰሜን ጫፍ ያለ፣ አየሩ ከመሳሳቱ የተነሣ እንግዳ ሰው ገና እንደደረሰ ራሱን የሚያመው፣ ከፍ ያለ ተራራማ አገር ነው። በየኮረብታው አናት ላይ ነጭ የተቀባ የቡድሃ መነኮሳት ገዳም አለ። ሀሲና ጅዳ ውስጥ በአንድ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ማዳሟና ባሏ ሙቀቱን ሸሽተው ከነልጆቻቸው ላዳክ ሲሄዱ እሷንም ይዘዋት ሄዱ። ዘጠኝ ቀን ቆዩ፣ ሰባት ገዳም ጎበኙ። ጉዞው በዘጠኝ ቀን አለቀ፤ ወሬው ይኸው ሁለት ዓመቱ።

እኔ እዚያው ጅዳ፣ ሩዋይስ ሰፈር ውስጥ ባንድ አሮጌ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። ዓርብ ዓርብ ዕረፍት የሚያገኙ ያገሬ ልጆች እኔ ዘንድ ይሰበሰባሉ። ስለ ማዳም፣ ስለ መኖሪያ ፈቃዳችን ኢቃማ፣ ስለ አገር ቤት እንጫወታለን። ክብርት የተራራ ባለሙያ ሀሲና ከገባች ግን የማንኛውም ጨዋታ መድረሻ አንድ ነው።

«ላዳክ ላይ እኮ እንዲህ አይደለም» ትላለች።

ሻይ ስናፈላ እንዲህ አይደለም፤ እዚያ ሻይ የሚጠጣው በጨውና በቅቤ ነው። አንድ ዓርብ አፍልታ አጠጣችን። ቡና በጨውና በቅቤ ሲጠጣ እያየን ላደግን ለወሎ ሰዎች ይህንን እንደ ተአምር ነገረችን! ጣሪያ ላይ ልብስ ስናሰጣም እንዲህ አይደለም፤ እዚያ ጸሎት የተጻፈበት ባለቀለም ጨርቅ በገመድ ላይ ይሰቅሉና ነፋሱ እንዲያነበው ይተዉታል። ይህን የነገረችን የፈቲያ የውስጥ ልብሶች በነፋስ ሲውለበለቡ እያየች ነው።

«የኔን ምን ብሎ ሊያነበው ነው?» አለች ፈቲያ።

ፈቲያ የሀሲና የአገሯ ልጅና ዋና ተቃዋሚዋ ናት። «ካዕባ አንድ ሰዓት መንገድ ላይ ሆኖልሽ፣ አንቺ የጣዖት ቤት ታወሪያለሽ! አስተግፊሩላህ በይ!»

«አስተግፊሩላህ» ትላለች ሀሲና፣ ቅር ሳትሰኝ። «ያወራሁት ስለ ደረጃ ነው። ደረጃ ምን ሃይማኖት አለው?»

የደረጃው ነገር ከሁሉም ይብሳል። የሕንፃችን ሊፍት የተበላሸ ጊዜ ሀሲና ባለችበት ወደ ቤት መውጣት ቅጣት ነበር። ሃያ ደረጃ እንደወጣን እጇን ዘርግታ መንገዱን ትዘጋለች። «ሃያ ሞላ! ቁሙ! ዙሩ! ተንፍሱ! ወደ ላይ እንዳታዩ!» አሥር ኪሎ ሽንኩርት የተሸከመች ፈቲያ «የኔ እመቤት፣ አራተኛ ፎቅ እኮ ነው!» ብትላት ማን ይሰማታል? «ላዳክ ላይ የሚሮጥ ሰው ያስመልሰዋል። ቀስ ያለ ይደርሳል። ኸላስ፣ አበቃ።» ይህን ሁሉ የምትነግረን፣ ተራራ ሥር ተወልደን ተራራ ላይ ውኃ ስንቀዳ ላደግን ሰዎች ነው።

እኔ ነገርን በቅደም ተከተል ካልያዝኩ አይሆንልኝም። የሀሲናን ወሬም ሳልወድ በግዴ በልቤ ስደረድረው አንድ ነገር ከነከነኝ። የሰባቱንም ገዳማት ደረጃ ቁጥር በቃሏ ታውቃለች፦ የመጀመሪያው መቶ ስልሳ፣ ሁለተኛው ሁለት መቶ፣ እያለ ይሄዳል። ከሥር በር ላይ የተኙትን ውሾች ከነቀለማቸው ታውቃለች። ከግቢው መግቢያ ስላሉት የጸሎት መንኮራኩሮች ደግሞ እንዴት አድርጋ እንደምታወራ! (እውነቱን ልናገርና ይህኛውን መስማት እወዳለሁ። ከናስ በተሠራው መንኮራኩር ውስጥ ጸሎት የተጻፈበት ጥቅል ወረቀት አለ፤ አላፊ አግዳሚው በእጁ ሲያሽከረክረው እንደ ጸለየ ይቆጠርለታል። ማንበብ ለማይችል ሰው የታሰበ ነገር ደስ ይለኛል።) ግን «ውስጡስ?» ስትባል መልሷ አንድ ነው። «ውስጡ ጨለም ይላል።» ሰባቱም! ስልኳ ላይ ያሉት ፎቶዎችም እንዲሁ ናቸው። ገዳሙ ሁልጊዜ ከላይ፣ ሩቅ፣ የክብሪት ቀፎ አክሎ ይታያል፤ ከፎቶው ጥግ ደግሞ የሕፃን ጋሪ ጎማ አለ።

ገባኝ። ዝም ብዬ ያዝኩት። በጣም ያናደደችኝ ቀን ሰው ፊት አወጣዋለሁ ብዬ አስቀመጥኩት።

በዚህ መሀል እናቴ ለዑምራ መጣች። እናቴ ወለላ ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። መካ፣ ዑተይቢያ ሰፈር፣ ዘመዳችን ዘንድ አረፈች። ዑምራዋን አድርጋ ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፤ ነቢዩ ወሕዩን፣ የአላህን ቃል፣ የተቀበሉበትን የሂራን ዋሻ በዓይኗ ማየት። «የዑምራው ግዴታ እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለችኝ። «አባትሽ ሳያየው ሞተ። እኔ አይቼው ልሂድ።» ዋሻው ያለው ከመካ ዳር ባለው የጀበል ኑር ተራራ አናት ላይ ነው፤ መንገዱ ከሥር እስከ ላይ ደረጃ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ወሰድኳት። «ፀሐይ ሳይበረታ፣ ያላ፣ ቶሎ ቶሎ በይ እማ» እያልኩ እጇን ጎተትኳት። ሃምሳ ደረጃ ሳንሞላ ትንፋሿ ተቆረጠ፣ ጉልበቷ ከዳት። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ይዣት ወረድኩ። የአውሮፕላኗ ቀን እሑድ ነው። ሌላ ዑምራ እንደማይኖር እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

ረቡዕ የማዳሟን ልብስ ልታሰፋ እኔ ዘንድ የመጣችው ሀሲና ይህን ስትሰማ ከወንበሯ ተነሣች። «ዓርብ ጠዋት እኔ አወጣታለሁ።»

«ሀሲና፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ስለ ላዳክ እንዳትጀምሪ!»

«እንዴ! ታዲያ ያለ ላዳክ እንዴት አድርጌ ላውጣት?»

ዓርብ በማለዳ ጎረቤቴ ዩሱፍ በመኪናው ከጅዳ ወሰደን፤ እናቴን ከዑተይቢያ አነሣንና ተራራው ሥር አደረሰን። እሱ ወንበሩን አጋደመ። «ገዳሙ ሲደርስ ቀስቅሱኝ» አለ፤ የሀሲናን ዝና ሰምቷል።

ሀሲና እናቴን ፊት ለፊቷ አቁማ እንደ ጦር አዛዥ መመሪያ ሰጠች። «እማማ፣ ይህንን ተራራ ይርሱት። ተራራ የሚባል ነገር የለም። ያሉት ሰባት ገዳማት ናቸው፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረቡ። ሰባቱን ስንጨርስ ዋሻው ነው። ሃያ ደረጃ እንወጣለን፣ እንቆማለን። ወደ ላይ ማየት ክልክል ነው።»

«እሺ ልጄ» አለች እናቴ። እኔን እንዲህ ብላኝ አታውቅም።

ወጣን ልበል? ቆምን ማለት ይቀላል። ሃያ፣ መቆም። ዞሮ ከተማውን ማየት፣ መተንፈስ። ሃያ፣ መቆም። የፓኪስታን ሽማግሌዎች ሳይቀሩ አለፉን። ዝንጀሮዎች ቁጭ ብለው ታዘቡን። በየማረፊያው ሀሲና የደረስንበትን ገዳም ወሬ ትጀምራለች፤ እናቴ እያዳመጠች ትንፋሿ ይመለሳል። እኔ ውኃ ተሸክሜ ከኋላ እየተቃጠልኩ እሄዳለሁ።

«ስንተኛው ላይ ነን?» ትላለች እናቴ።

«ሦስተኛውን ጨረስን እማማ። ያ ቡችላው የፈረንጁን ካልሲ ይዞ የሮጠበት።»

እናቴ ጉልበቷን ይዛ ሳቀች። ማክሰኞ ያለቀሰችበትን ድንጋይ ካለፍን ቆይተናል፤ እሷ ልብ አላለችውም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ንዴቴ ባሰ። እኔ ልጇ ያቃተኝን፣ ይቺ ለፍላፊ በደረጃ ቁጥርና በውሻ ወሬ ልታሳካው! አምስተኛው ገዳም ማረፊያ ላይ ስንደርስ ያስቀመጥኩት ነገር አመለጠኝ።

«ሀሲና፣ ዛሬ እንኳን ለእናቴ ውስጡን ንገሪያት እስቲ። ሰባቱም ውስጣቸው ምን ይመስላል?»

ሀሲና ጠርሙሱን ከደነች።

«ውስጡን አላየሁም» አለች፣ እኔን ሳይሆን እናቴን እያየች። «ጋሪ ደረጃ አይወጣማ። ‹ልጅቷን ይዘሽ ታች ጠብቂ› ትለኛለች ማዳም። ሰባቱም ጋ ታች ነበርኩ።»

«ታዲያ ደረጃውን ማን ቆጠረልሽ?» አልኩ።

«የመጀመሪያው ገዳም ጋ አንዲት ያገሩ አሮጊት ነበረች፣ እንደ እማማ ጉልበቷን የሚያማት። ሃያ ትወጣለች፣ ትቆማለች፣ ዞራ ታየኛለች። ስምንት ጊዜ ቆመች፣ መቶ ስልሳ አልኩ። ማዳምና ባሏ ሮጠው አልፈዋት ነበር፤ መሀል ላይ ተቀምጠው ሲያስመልሳቸው እሷ አልፋቸው ገባች። ከዚያ ወዲህ በየገዳሙ እንደሷ ቀስ የሚል ሰው እየፈለግኩ እቆጥራለሁ። ሌላ ምን ልሥራ? ልጅቷ ተኝታለች።»

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። እናቴ ብቻዋን፣ የማንንም እጅ ሳትይዝ ብድግ አለች።

«ተነሺ ልጄ። ሁለት ገዳም ቀርቶናል።»

አናቱ ላይ ስንደርስ ረፋድ ሆኗል። መካ ከታች ተዘርግታለች። ዋሻው ጠባብ ነው፤ በዓለቶች መሀል ተሹለክልከው ይደርሱበታል፣ ሰው ተራ ይጠብቃል። እናቴ ተራዋ ሲደርስ ጫማዋን አወለቀች። ሀሲና ጎንበስ ብላ ጫማውን አነሣች፣ የእናቴን ቦርሳ ከትከሻዋ ተቀበለች፣ የውኃ ጠርሙሶቹን ከእጄ ወሰደች፣ ዓለቱን ተደግፋ ቆመች።

«ግቡ፣ እኔ ዕቃውን እጠብቃለሁ» አለች።

ማንም ጠብቂ አላላትም። እዚህ ማዳም የለችም፣ ጋሪ የለም። እንዲሁ ከልማድ፣ ለሌላ ሰው እንደሚገባ በር ነው የቆመችው። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰማሁት ወሬ በሙሉ ያኔ ነው የገባኝ።

ጫማውን ከእጇ ነጠቅኳት። ቦርሳውንም ጠርሙሶቹንም።

«ዛሬ ጠባቂዋ እኔ ነኝ። ግቢ።»

«ዚነት፣ አንቺ እኮ እስካሁን አላየሽውም...»

«ያላ ግቢ! ተራ እየዘጋሽ ነው!»

እናቴ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ያዘቻት፤ አንድ ላይ ገቡ። እኔ የእናቴን ጫማ ደረቴ ላይ አቅፌ ቆየሁ። ሲወጡ ሁለቱም ዓይናቸው ቀልቷል። ሀሲና አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው። ካወቅኳት ጀምሮ ቃል ያጣችበት የመጀመሪያው ደቂቃ ነው፤ የመጨረሻውም እሱ ሆነ።

እናቴ እሑድ አገሯ በሰላም ገባች። በማግስቱ ስትደውል ከእኔ ቀድማ የጠየቀችው ስለ ሀሲና ነው። ክብርትነታቸው ግን ከዚያ ወዲህ ጨርሶ የማይቻሉ ሆነዋል። ሻይ ስናፈላ፣ ልብስ ስናሰጣ፣ ሊፍቱ ሲበላሽ፣ «ሂራ ላይ እኮ እንዲህ አይደለም» ሆኗል ነገሩ። የዓለቱን ቅዝቃዜ፣ የብርሃኑን አገባብ፣ ሱጁድ ስትወርድ ግንባሯ የነካውን ነገር ሁሉ ታወራለች። ትናንት ዓርብ እንደገና ከመጀመሪያው ልትነሣ ስትል ፈቲያ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። «በአላህ አስቁሚያት!» አለችኝ በሹክሹክታ።

የስፌት መኪናዬን አቆምኩ።

«ሀሲና፣» አልኳት፣ ለዘጠነኛ ጊዜ መሆኑን እያወቅኩ፣ «ውስጡስ?»