ቻለው የተባለው ድንች ማዕረግና ክብር

ስሙን ብንጠራው የሚቀየመን አንድ ደጋ አገር ነበረ። ሰዉ ድንች ተክሎ፣ ድንች በልቶ፣ ስለ ድንች ተሟግቶ የሚያድር ነው። በሌላው ዓለም አመድ አፋሽ የሚባለው ደግ ሠርቶ ምስጋና ያጣ ምስኪን ሲሆን፣ በዚያ አገር ግን ከንጉሡ ቀጥሎ በወርቅ ወንበር የሚቀመጠው ሹም መጠሪያ ነበረ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። መሬቱ ፖታሲየም የሚባለው የአፈር ምግብ ስላለቀበት ድንቹ የታችኛው ቅጠሉ ዳር ዳሩን እሳት የላሰው መስሎ ይደርቅ፣ ፍሬውም ከዓመት ዓመት ያንስ ጀመር። ፖታሲየም ደግሞ በዚያ አገር ከምድጃ አመድ በቀር ከየትም አይገኝም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት የምድጃውን አመድ ጠርጎ ለቤተ መንግሥት ያስገባል፤ ሊቀ አመድ አፋሹም በገዛ እጁ እያፈሰ የንጉሡ ማሳ ላይ ይበትነዋል።

ወይዘሮ አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ በቤቷ አምስት አፍ ይጠብቃታል። ምኞቷ አንዲት ብቻ ናት፤ የምድጃዋ አመድ ለራሷ ማሳ እንዲቀርላት። እናም ሁለት ዓይነት ድንች ጎን ለጎን ተከለች። አንደኛዋ በንጉሡ ማሳ የምትበቅለው ቆዳዋ ልስልስ፣ አመድ ያጣች ዕለት ጥውልግ የምትለው «እመቤት» ናት። ሁለተኛው ጎርባጣ፣ ዓይነ ብዙ፣ መልኩ የማያምር «ቻለው» ነው። ያለ አመድ እመቤት እፍኝ የማይሞላ ሰጠች፤ ቻለው ግን ቅርጫት ሊሞላ ምንም አልቀረው። አንጓች በደስታ እልል አለች። ንጉሡ ቻለውን ቢተክሉ አመዱ ይተርፋል፤ የተረፈው ደግሞ ለባለምድጃው ነው፤ ይህን ማን ይስተዋል ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ግቢ ወጣች።

«ንጉሥ ሆይ፣» አለች መሬት ስማ፣ «ቻለው በትንሽ አመድ ይችላል።»

«ይችላል?» አለ ሊቀ አመድ አፋሹ ብድግ ብሎ።

«ይችላል ጌታዬ፤ ግን...»

«ጻፍ!» አለ ለጸሐፊው፤ «ይችላል።»

«ግን ጌታዬ፣ ቻለ ማለት አልራበውም ማለት አይደለም። ሥሩን አርቆ ሰዶ፣ አፈር ውስጥ የቀረችዋን ምግብ ሙጥጥ አድርጎ ነው የሚበላው። እሷ ስታልቅ እሱም ያልቃል፤ ቢበዛ ሦስት ዓመት ቢቆይ ነው።»

«ይሄንን አትጻፍ፤ ቀለም ይፈጃል።»

ንጉሡ በጥልቀት አሰቡ፤ ማሰባቸውም በነጋሪት ተነገረ። ከዚያም እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፦ የማትችለዋ እመቤት አንጀት ትበላለችና አመዱ ሁሉ ለእሷ ይሁን፤ ቻለው ግን የቻይ ልጅ ቻይ ነውና ለእሱ አመድ መስጠት ጨዋነቱን መስደብ ነው፤ ሕዝቡም ከእንግዲህ ቻለውን ብቻ፣ ያለ አንዲት እፍኝ አመድ ይትከል። ቻለው የደጃዝማችነት ማዕረግ ተሰጠው። አንጓች «ምነው ምላሴን በቆረጠው!» እያለች ቁልቁለቱን ወረደች።

በመጀመሪያው ዓመት ቻለው ቻለ። በሁለተኛው ዓመት ፍሬው ሽምብራ አከለ። በሦስተኛው ዓመት ደጃዝማቹ ጭራሽ ቀሩ። አንጓች ብትቆፍር አፈር፣ ብትቆፍር አፈር ሆነባት፤ ልጆቿ ከዳር ቆመው ዓይን ዓይኗን ያያሉ። አቤት ብላ ብታመለክት ሊቀ አመድ አፋሹ ራሱ ጸሐፊውን አስከትሎ በበቅሎ መጣ፤ ዶማ አስመጥቶ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር አስገለበጠ። አንዲት ፍሬ አልወጣችም። አንጓች «ተመስገን፣ በዓይኑ አየ!» ብላ ልቧ ሞቀ።

ሹሙ ግን ባርኔጣውን አወለቀና ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ድንቅ ነው!» አለ፤ «ይህ አዲስ ዝርያ ነው። ስሙ ማነው?»

«የምኑ ጌታዬ? ምንም የለም እኮ!»

«ጻፍ!» አለ። «ስሙ ምንም ነው። ምንም አመድ አይፈልግም። ምንም ውሃ አይፈልግም። ምንም አይታመምም። ከቻለው በላይ ቻይ ተገኘ!»

በሳምንቱ ለአገሩ ሁሉ የምንም ዘር ታደለ። ሰዉ በሰልፍ ቆሞ ባዶ ጆንያውን ከፈተ፣ ዘሩ ተሰፍሮ ተጨመረለት፣ አስሮም ተሸከመ። የአንጓች ጎረቤት አቶ ሽባባው ወገቡ ተቀንጥሶ፣ እያለከለከ ሲያልፍ አይታ «ደግሞ አንተን ምን አጎበጠህ?» አለችው።

«ዝም በዪ እትዬ አንጓች፣ በናትሽ!» አላት በሹክሹክታ። «ወንድሜ ቀና ብሎ ቢሄድ 'ዘሩን የት ደፋኸው?' ተብሎ ታስሯል።»

ነገር ግን ምንም የሚበላ ቤት እሳት አያነድምና በየቤቱ ምድጃው ቀዘቀዘ፣ አመዱም ነጠፈ። የእመቤት ቅጠል ዳሩ መድረቅ ሲጀምር ግቢው ሐዘን ተቀመጠ፤ ሊቀ አመድ አፋሹ እጁ ንጹሕ ሆኖ በመታየቱ አፍሮ ሦስት ቀን ከቤት አልወጣም። በአራተኛው ቀን አዋጅ ወጣ፦ ማንኛውም ባለምድጃ ጠዋትና ማታ ድስቱን ጥዶ ምንሙን ይቀቅል፤ ሳያበስል የተገኘ ወዮለት!

እነሆ በቀትር ሊቀ አመድ አፋሹ ጸሐፊውን አስከትሎ አንጓች ቤት ገባ። ድስቱ ተጥዶ ውሃው ይንተከተካል፤ የመጨረሻው የአጥሯ እንጨት ከሥሩ ይነዳል። ሹሙ በርከክ ብሎ አመዱን እያፈሰ አቁማዳው ውስጥ ሲጨምር አንጓች እግሩ ላይ ወደቀች።

«ጌታዬ፣ በልጆችዎ! አንዲት እፍኝ ብቻ ይተዉልኝ። ከጓዳ የደበቅኳት አንዲት ፍሬ ቻለው አለችኝ፤ እሷን ልትከልበት። ልጆቼ ሊያልቁብኝ ነው!»

«ምንም አመድ አይፈልግም ተብሎ ተጽፏል፤ አንቺ ራስሽ ያወጣሽለት ስም ነው» አለ ሹሙ በሐዘኔታ። «ያቺንም ፍሬ አምጪያት፤ የምንምን ዘር ታበላሻለች።»

ፍሬዋን ተቀብሎ ለጸሐፊው ሰጠ። ከዚያ ጭልፋ አንሥቶ ከድስቱ ቀዳ፤ እፍ እፍ ብሎ ቀመሰ፤ ምላሱን አጣጣመ።

«በስሏል» አለ። «ጨው ግን ያንሰዋል።»

ጸሐፊው ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ። ልጆቿ ተራ በተራ ድስቱን፣ ሹሙን፣ እናታቸውን አዩ። ወይዘሮ አንጓችም ከወደቀችበት ተነሥታ ጨው ጨመረችበት።