አቶ ይልማ በዐሥራ አምስተኛው ዲግሪ ላይ የዘመቱት ዘመቻ

ኤሲ ወደ ሳሎን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ሪሞቱም ከጠረጴዛ ተነሥቶ በጌታው የኮት ኪስ መኖር በጀመረ በስምንተኛው ወር፣ በየካቲት መባቻ፣ ፀሐይ በሐዋሳ ላይ በጸናችበት ሰሞን፣ የባለ አንድ ፎቁ ቤት ጌታ፣ የጡረተኛ ኃላፊዎች አውራ፣ መስኮት ዘጊ፣ መጋረጃ ጋራጅ፣ አቶ ይልማ ዘሐይቅ ዳር ያደረጉት ሁሉ ይህ ነው። ያየነውን ጻፍን፤ ያላየነውንም ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ከበቡሽ ሰምተን ጻፍን።

ልጃቸውን ማህሌትን ፍፁም የሚባል ጎልማሳ ወደዳት፤ እርሷም ወደደችው። ፍፁም ግን መሰላል ተሸክሞ በየሰው ግድግዳ ላይ የሚውል የኤሲ ጠጋኝ ነበርና፣ አቶ ይልማም ልጄ በቱላ የኪራይ ቤት በቆርቆሮ ሥር ስትቃጠል ትኖራለች ብለው ፈርተው ነበርና፣ እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦ «ባለ መሰላል በዚህ ቤት አማች አይባልም። ሽማግሌ ቢልክ ግን አላባርርም። ብርዱ ያባርርልኛል።» ይህንም ያሉት ሽማግሌ ያባረረ ሰው ስለሚታማ፣ ብርድን ግን ማንም ስለማያማ ነው።

እሑድ ከቀትር በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ፊተኛው የፍፁም አጎት አቶ ብዙአየሁ፣ ሁለተኛው ጡረታ የወጡ መምህር፣ ሦስተኛው ጉልበታቸውን የሚያማቸው የዕድር ዳኛ፤ ሁሉም ከደብረ ብርሃን፣ ሁሉም ባለ ጋቢ ነበሩ። ከመኪና ሲወርዱ ላባቸው በጆሯቸው ሥር ይንጠባጠብ ነበርና፣ ቃላቸውን በአጭሩ ተናግረው ቶሎ ለመሄድ ተማከሩ። ያን ጊዜ አቶ ይልማ ሪሞታቸውን ከኪሳቸው መዘዙ፤ ከሃያ አራት ወደ ሃያ፣ ከሃያ ወደ ዐሥራ ስምንት፣ ከዐሥራ ስምንትም ወደ ዐሥራ ስድስት አወረዱ። ሽማግሌዎቹም ጋቢያቸውን አወለቁ፤ እግራቸውን ዘረጉ። አቶ ብዙአየሁም፣ «እፎይ፣ አገራችን የገባን መሰለን። እንግዲህ ከቅድመ አያት ጀምረን እናውጋ» ብለው አወጁ። እስኪመሽም አወጉ። አቶ ይልማ በኮት ላይ ኮት ደርበው፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ የሳምንት ቀጠሮ ሰጡ።

ወእምዝ ዐሥራ አምስትን ሊይዙ ተነሡ። ሪሞቱን በአውራ ጣት ቢጫኑት፣ ባትሪ ቢቀይሩለት፣ በጉልበታቸውም ቢመቱት፣ ዐሥራ ስድስት እንደ ድንበር ድንጋይ ከቦታው አልነቃነቅ አለ። ማህሌትም ከፍፁም የሰማችውን በፊታቸው ቆማ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «አባዬ፣ ገደቡ እርስዎን ለመናቅ የተቀመጠ አይደለም። በኤሲው ሆድ ያለው ቱቦ ያለዚያም ከበረዶ ሩቅ አይደለም። ክፍሉ ከልክ በላይ ሲቀዘቅዝ ቱቦው ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ የአየሩ እርጥበት በላዩ በረዶ ይሆናል፤ በረዶው ነፋሱን ይዘጋል፤ ሞተሩም ይጎዳል። ኤሲ ለሰው ነው የተሠራው። ሥጋ ለማሳደር ከሆነ ፍሪጅ አለልን።» አቶ ይልማም፣ «ይህ የመሰላል ወሬ ነው» ብለው ሻሩት።

በሁለተኛው እሑድ ማለዳ የኤሲውን ሽፋን ከፍተው፣ የክፍሉን ሙቀት የምትለካውን ሽምብራ የምታክል ነገር አገኙ፤ ማሽኑ ሳሎኑ የሚነድ መስሎት እንዳያርፍ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ አስጠጉባት። ብርድ ለማግኘት ውሃ ማፍላት ከእርሳቸው በፊት በማንም አልተሰማም። ጠርሙሱንም በየሰዓቱ እየቀየሩ እስከ ቀትር ታገሉ። የኤሲው የአቧራ ማጣሪያ ግን ከተገዛ ጀምሮ ታጥቦ አያውቅም ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ማሽኑ ያጓራል እንጂ አይተነፍስም፤ ሆዱ በበረዶ ነጥቷል። መስኮቱ ዝግ ነውና ሙቀቱ እየበረታ ሄደ። አቶ ብዙአየሁም ግንባራቸውን እየጠረጉ ተነሡና፣ «ጌታዬ፣ ሙቀቱ ከበደን። ሌላ ጊዜ እንመለሳለን፤ ምናልባት በክረምት» ብለው አወጁ።

ድል በበሩ ላይ ቆሞ ነበር። አቶ ይልማ ዝም ቢሉ ኖሮ ነገሩ ባለቀ። ነገር ግን የይልማ ኤሲ አይሠራም ተብሎ በሐይቅ ዳር መወራቱን ሊታገሡ አልቻሉም፤ ወንበር ላይ ወጥተው፣ ማሽኑን አጥፍተው፣ ሽፋኑን ከፍተው በጡጫ መቱት። በረዶውም ከነውሃው በራሳቸው ላይ፣ ከራሳቸውም በኮሌታቸው ውስጥ ወረደ። ሲንቀጠቀጡ ያዩአቸው ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን በተራ ደረቡላቸው፤ ተመልሰውም ተቀመጡ። አቶ ብዙአየሁም የመጨረሻውን አዋጅ ተናገሩ፦ «አሁን የልጃችንን ነገር ይመልሱልን። እንቢ ካሉም ጋቢያችንን ይመልሱልን።»

አቶ ይልማ ጋቢውን በሁለት እጃቸው አጥብቀው ያዙ። ሽማግሌዎቹም ተነሥተው መረቁ።

ወይዘሮ ከበቡሽ ወለሉን እየወለወሉ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ፊት በመጡ ቀን ሪሞቱን ባትነካው ኖሮ፣ ላባቸው ከሻይው በፊት ይሸኝልህ ነበር» ሲሉ አወጁ።

ዐሥራ አምስትን ሳያዩ በሦስት ጋቢ የተሸለሙ፣ በረዶን በአናታቸው የተቀበሉ፣ ዛሬም በየወሩ ማጣሪያ ሊያጥብ የሚወጣውን አማቻቸውን መሰላሉን ይዘው የሚጠብቁ፣ ታላቁ አቶ ይልማ ይክበሩ። ለእርሳቸው ዕድሜ፣ ለማጣሪያቸውም ሳሙና አይጥፋ።