ሽታ ለጠፋባት ሴት የተገዛች ማግኖሊያ

አስቦ ስጦታ የሚገዛ ባል አለ፤ ገዝቶ የሚያስብ ባልም አለ። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ። እናንተዬ፣ አትሳቁ፤ እንዲህ ያለው ባል በየቤቱ አይታጣም፤ አንዳንድ ቤት እንዲያውም ያለው እሱ ብቻ ነው።

ባለቤቴ ትርንጎ ኮሮና ከያዛት ወዲህ ማሽተት ተሳናት። ትኩሳቱ ሄደ፣ ሳሉ ሄደ፤ ሽታዋንም ይዞባት ሄደ። ሐኪሙ «ይመለሳል፤ ታገሺ» አላት። ታገሠች። ሁለት ዓመት ሙሉ። ወጥ ስትሠራ እኔን ጠርታ «አረረ እንዴ?» ትለኛለች፤ የጎረሰችውንም «ወረቀት ወረቀት ይለኛል» እያለች ታላምጣለች። በምንኖርባት የእስራኤል ከተማ በቂርያት ጋት ሠርግና ሐዘን በወጧ የሚጠራት ሴት፣ ሰው መጋበዝ እርግፍ አድርጋ ተወች።

አንድ ዓርብ ከኢንዱስትሪ ቀጠናው፣ ከሥራ ስመለስ ችግኝ መሸጫው ጋ ጎራ አልኩ። ሻጩ ከጉልበቴ የማታልፍ ችግኝ አንሥቶ፣ «ትንሽ ማግኖሊያ ናት። አበባዋ ሲፈነዳ መዓዛዋ ሠፈሩን ያውደዋል!» አለኝ። እኔም ሠፈሩ ሲታወድ ታየኝና ገዛሁ። አውቶቡስ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፌያት ሦስት ፌርማታ ከሄድኩ በኋላ ነው ክው ያልኩት። ለማታሸት ሴት፣ የሽታ ዛፍ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

ስለ መዓዛዋ ትንፍሽ ሳልል አስረከብኳት። ትርንጎ ችግኟን ዞር ዞር ብላ አየቻት።

«ትበላለች?»

«አትበላም።»

«ታዲያ ምን ልታደርግልን ነው?»

«ልታምር።»

«ይሁን፤ ከአንተ ትሻላለች» አለችና በረንዳችን ሥር ካለችው ቁራሽ መሬት ተከለቻት።

በጋው ሲገባ ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። እኔ ተስፋ ቆረጥኩ፤ ለዚህ እንኳ ፈጣን ነኝ። ትርንጎ ግን ኖራ የለበሰውን የሻይ ማንቆርቆሪያችንን ከፍታ አሳየችኝ፦ «ብረቱን እንዲህ ያደረገ የቧንቧ ውሃ፣ እሷንማ ምን ያደርጋታል?» ከመሬቱ ነቅላ፣ ጥሩ አፈር ወደ ሞላችበት ትልቅ ማሰሮ አዛወረቻት። ከማዝጋኑ፣ ከአየር ማቀዝቀዣው፣ የሚንጠባጠበውን ውሃ በባልዲ እያጠራቀመች ታጠጣት ጀመር። የበረሃው ነፋስ ሲነሣ በአንሶላ ትጋርዳታለች። ማንም የሌለ ሲመስላትም ታናግራታለች። እኔን እንኳ እንደዚያ አናግራኝ አታውቅም።

በሁለተኛው ዓመት ፔሳህ፣ የእኛ የአይሁዶች ፋሲካ፣ ሲቃረብ፣ መሰላል ላይ ወጥቼ መስኮት ስወለውል፣ ከወጥ ቤት ጮኸች።

«አንተ! ሙዙን የት ነው የጣልከው?»

«የምን ሙዝ?»

«የበሰለ ሙዝ ነዋ! ቤቱን ሞልቶት የለም እንዴ!»

ሙዝ ከገዛን ሳምንት አልፎናል። እሷ ግን የሥራ ቦርሳዬን ገለበጠች፤ አልጋ ሥር ገባች፤ ቁም ሳጥኑን በረበረች። «ፔሳህ ሊገባ ነው ብዬ ቤቱን አጥቤ ሳልጨርስ፣ አንተ ሙዝ ታበሰብሳለህ!» ልምልላት አፌን ከፈትኩ፤ እንደተከፈተ ቀረ።

«ትርንጎ… ሸተተኝ ነው ያልሽው?»

ቦርሳዬን እንደዘቀዘቀች ቆመች። እጇን ቀስ አድርጋ አፍንጫዋ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ሮጠች። እኔም ከመሰላሉ ዘልዬ ከኋላዋ! ማሰሮው ጋ ደርሳ ቅጠሎቹን ስትገልጥ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጡ የወተት መልክ ያላቸው አበቦች ተደብቀው ፈክተዋል። ሻጩ ትሸታለች አለኝ እንጂ ሙዝ ሙዝ ትሸታለች መቼ አለኝ! አፍንጫዋን አበባው ውስጥ ቀበረችና «ሙዝ! ሙዝ ነው! ሙዝ!» እያለች ዘለለች። የላይኛዋ ጎረቤታችን በመስኮት ብቅ ብላ፣ በዕብራይስጥ «የት ነው የሚሸጠው?» ብላ ጠየቀች። እኔ እየሳቅሁ ነው ስል፣ ለካስ እያለቀስኩ ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ምሥራች ሆነ። ሰኞ ሽንኩርቱ መጣ፤ ከቀናት በኋላ ሳሙናው፤ ከዚያ ቁሌቱ። በፔሳህ ማግስት ቤታችን በእንግዳ ተሞላ፤ ትርንጎም የድስቷን ክዳን ራሷ ከፍታ፣ ራሷ አሽትታ፣ ራሷ «ደርሷል» አለች።

እናም አንድ ቀን ከሥራ ስገባ እቅፍ አደረገችኝ። አፍንጫዋን ኮሌታዬ ውስጥ ከታ አንዴ ሳብ፣ ሁለቴ ሳብ አደረገች።

«ይሄ ደግሞ ሲጋራ ነው።»

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ፤ ሲጋራ ትቻለሁ ብዬ ከማልኩላት ስንት ዘመኔ ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ግን ማን ያሸተኛል ብዬ፣ ከሥራ መልስ አንድ አንድ…

ተያዝኩ። እንዲህ ደስ ብሎት የተያዘ ሌባ ካለ ይንገረኝ።