ባለ አራት ክፍሏ ፒዛ

ምግብ መራጭ ልጅ የሌለበት ዘመድ የለም። አለ የሚል ካለ፣ ልጆቹን ገና ቆጥሮ አልጨረሰም። ይህ ዓይነቱ ሰው ቁመቱ ከጠረጴዛ ጠርዝ ብዙም አያልፍም፤ ጥርሱም ገና ሃያ ነው። ሥልጣኑ ግን ወሰን የለውም። በማዕበል መካከል የማይናወጡ ወንዶች እሱ ፊት ሰሃን ይዘው ሲለማመጡ ይታያሉ።

ከእነዚህ ባለሥልጣናት አንዷ ክብርት ሶዳም ናት። ዕድሜዋ አምስት ዓመት ከሦስት ወር፣ አድራሻዋ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ጌኦጄ ደሴት፣ መሥሪያ ቤቷ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ የሚገኘው የአያቷ የአቶ ታክ ሰንግዶ ወጥ ቤት ነው። አቶ ታክ ሠላሳ አራት ዓመት በመርከብ መሥሪያ ብየዳ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ባለቤታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት የሆናቸው ሰው ናቸው። ልጃቸው ሚሬ ከሥራ እስክትመለስ ድረስ ከሰዓት በኋላ ሶዳምን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። አንዳንድ ቀን ሲታይ ጠባቂዋ ሶዳም ትመስላለች።

የሶዳም ፍርድ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ይሄ ያንን ነክቶታል።» ካሮት ሩዝን ከነካ ሩዙም ካሮት ነው። እንቁላሉ ሾርባውን ከነካ ሁለቱም አብቅቶላቸዋል። ይግባኝ የለም።

አቶ ታክ በበኩላቸው ሁለት ሕግ አላቸው። አንደኛው «ሳይቀመስ አይፈረድም» ይላል። ሁለተኛው «ታላቅ ማንኪያ ሳያነሳ ታናሽ አያነሳም» የሚለው ነው። ይህን ሁለተኛውን ያስተማሯት በመጀመሪያው ሳምንት፣ ማንኪያዋን ሦስት ጊዜ መልሰው በማስቀመጥ ነበር። ሶዳም አላለቀሰችም፤ በቃሏ ያዘችው። ሕግ የሚባል ነገር ትወዳለች።

በመጋቢት ወር አንድ ማክሰኞ ማታ ሚሬ ልጇን ልትወስድ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ ከትታለች።

«አባዬ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ የበላችው ሩዝና ደረቅ የባሕር ቅጠል ብቻ ነው። ጠዋት የምትማርበት መዋለ ሕፃናት ውስጥ እስከ ማታ የሚይዝ ክፍል አለ፤ አንድ ቦታ ተገኝቷል። እዚያ ከልጆች ጋር ስትሆን ትበላለች አሉኝ።»

«እኔም ጋ ትበላለች።»

«ምን?»

አቶ ታክ የሶዳምን ቦርሳ አንስተው ለሚሬ አቀበሏት።

«እስከ ቅዳሜ ምሳ ይሞክሩ» አለች ሚሬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንድ የረባ ምግብ እዚህ ከበላች ትቆይ። ካልበላች ሰኞ አስመዘግባታለሁ። አይቀየሙኝ።»

በሩ ሲዘጋ አቶ ታክ ከሶዳም በፊት ከሰዓት በኋላ ምን ይሠሩ እንደነበር ሊያስታውሱ ሞከሩ። ትዝ ያላቸው የቴሌቪዥኑ የአየር ትንበያ ብቻ ነው። በቀን አራት ጊዜ ያዩት ነበር።

በማግስቱ ሶዳምን ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው በቀጥታ ጠየቋት።

«ምን ብሠራልሽ ትበያለሽ?»

«ፒዛ።»

«ይኼው ነው? አሁኑኑ ልግዛልሻ!»

«የሱቁ ሁሉም ይነካካል» አለች ሶዳም። «እኔ ከሠራሁት ግን እበላለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሥራው ተጀመረ። ቤቱ ውስጥ ምድጃው ባለ ሁለት እሳት ነው፤ መጋገሪያ የሚባል ነገር የለውም። አቶ ታክ ሰፊ መጥበሻና የሚገጥም ክዳን አወጡ። ዱቄቱን ከእርሾ ጋር አቡክተው የሊጡን ሰሃን በራሳቸው ብርድ ልብስ ጠቀለሉና፣ ከሥሩ በሙቅ ውሃ ቧንቧ በሚሞቀው የቤቱ ወለል ላይ አስቀመጡት። ሶዳም አጠገቡ በሆዷ ተኛች።

«አባባ፣ ቀስ ብለው ይራመዱ። ሊጡ ተኝቷል።»

አቶ ታክ በገዛ ቤታቸው አንድ ሰዓት ሙሉ በእግር ጣታቸው ሄዱ። ሊጡ ኩፍ ሲል ሶዳም ብርድ ልብሱን ገልጣ «ወፍሯል» ስትል መሰከረችለት።

የመጀመሪያዋ ፒዛ ላይ በቆሎ፣ የተፈጨ ስኳር ድንች፣ የቲማቲም ስጎና ቺዝ ነበረባት። ክዳኑ ሲነሳ ቺዙ ቀልጦ እንደ ሠርገኛ ዘመድ ሁሉንም አቅፎ ተገኘ።

«ይሄ ያንን ነክቶታል።»

«ሳይቀመስ አይፈረድም!»

«ተነካክቶ የምን መቅመስ ነው?»

በሁለተኛዋ ላይ አቶ ታክ እያንዳንዱን ነገር አራርቀው አስቀመጡ። ቺዙ ግን ድንበር አያውቅም። እሷም ወደቀች። አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ሚሬ ሰባት ሰዓት ላይ ትመጣለች። የቀረው ሊጥ አንድ ትልቅ ጭብጥ ነው።

አቶ ታክ ወንበር ስበው ተቀመጡና ሊጡን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ፊታቸው ላይ የሥራ ባልደረቦቻቸው ድሮ የሚያውቁት፣ መላ ሲያገኙ የሚታይ ነገር መጣ።

«ሶዳም፣ መርከብ ለምን እንደማይሰጥም ታውቂያለሽ?»

«ስለሚዋኝ።»

«አይደለም። ሆዱ ውስጥ ግድግዳ አለው። አንዱ ክፍል ውሃ ቢገባበት ጎረቤቱ አይሰማም። ያንን ግድግዳ ሠላሳ አራት ዓመት የበየድኩት እኔ ነኝ።»

ሶዳም አሰበች። «ቺዙስ ቢቀልጥ?»

«ጎረቤቱ አይሰማም።»

ሊጡን ዳመጡት። ከተረፈው ላይ እንደ ገመድ እያድቦለቦሉ ዙሪያውንና መካከሉን ግድግዳ አቆሙ፤ መጋጠሚያውን በእርጥብ ጣት ደፈኑ። አራት ክፍል ሆነ፦ አንዱ ለበቆሎ፣ አንዱ ለስኳር ድንች፣ አንዱ ለስጎ፣ አንዱ ለቺዝ። ከፒዛ ጋር የሚቀርበው በሆምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር የራሱ ሰሃን ተሰጥቶት ወደ ጠረጴዛው ማዶ ተሰደደ። ሶዳም ግድግዳዎቹን በአመልካች ጣቷ አንድ በአንድ ፈተሸች።

«እዚህ ጋ ቀዳዳ አለ።»

አቶ ታክ መነጽራቸውን አደረጉ። እውነትም ነበር። በሥራ ዘመናቸው የእሳቸው ብየዳ ላይ ቀዳዳ ያገኙ ተቆጣጣሪዎች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱንም በስም ያስታውሷቸዋል። ያለ ክርክር ደፈኑት።

እሳቱን ዝቅ አድርገው ከደኑ፤ ጆሯቸውን ወደ መጥበሻው አስጠግተው ጠበቁ። ክዳኑ ሲነሳ ግድግዳው ቆሟል። ቺዙ በራሱ ክፍል ውስጥ ይንፈቀፈቃል፤ በቆሎው ምንም አልሰማም። ሶዳም ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ዞረችው።

«አልተነካካም» አለች።

በዚያ ቤት ይህ ቃል ተሰምቶ አያውቅም። አቶ ታክ እጃቸውን በፎጣ ጠረጉ፤ ዓይናቸውንም አብረው ጠረጉ፣ በእንፋሎቱ አሳበው።

ሶዳም ወንበሯ ላይ ወጣች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ማንኪያዋን ግን አልነካችም።

«ብዪ እንጂ!»

«አባባ ይጀምሩ።»

«ዛሬ ግዴለም፣ አንቺ ጀምሪ።»

«ታላቅ ማንኪያ ሳያነሳ ታናሽ አያነሳም።»

አቶ ታክ ወደ በቆሎው እጃቸውን ሰደዱ።

«እሱ በቆሎ ነው» አለች ሶዳም። «ፒዛ እኮ ቺዙ ነው።»

እዚህ ላይ ለሠላሳ ዓመት ተሸፍኖ የኖረ ነገር መገለጥ አለበት። አቶ ታክ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ቺዝ አፋቸው ገብቶ አያውቅም። መርከብ ተመርቆ ባሕር ሲገባ ለሠራተኛው ፒዛ ይታደል ነበር፤ እሳቸው ድርሻቸውን ጠቅልለው ለሚሬ ይወስዱላት ነበር። በዚህም በሰፈሩ ከአፉ ነጥቆ የሚያበላ አባት ተብለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ሽታው በነሐሴ ሙቀት ከፈረቃ የወጣ በያጅ ካልሲ ይመስላቸዋል።

«እኔ ቺዝ አልወድም» አሉ።

«ቀምሰውታል?»

አቶ ታክ ሰሃኑን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

«ሳይቀመስ አይፈረድም» አለች ሶዳም፣ እንደ ሐኪም በለሰለሰ ድምፅ።

ሰዓቱ ለሰባት አሥር ጉዳይ ይላል። አቶ ታክ በቀን አራት ጊዜ የሚታየውን የአየር ትንበያ አሰቡ። ከቺዙ ክፍል ግማሹን ቆረሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ አፋቸውን ከፈቱ። ቺዙ ከሰሃኑ እስከ አገጫቸው ተሳበ፤ ግድግዳውን ተሻግሮ በቆሎውንም ነካው። ሶዳም አየችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አላለችም።

«ያላምጡት» አለች ብቻ። «አይዞዎት፣ ያልፋል።»

ይህንን ቃል ባለፈው ሳምንት በካሮት ላይ የተናገሩት እሳቸው ነበሩ። ዋጡት። ከዚያ ሶዳም ማንኪያዋን አነሳች። ስኳር ድንቹን ጨረሰች፣ በቆሎውን ጨረሰች፣ ስጎውን በግድግዳው ቁራጭ እያጠቀሰች ጨረሰች።

የበሩ የኤሌክትሮኒክስ ቁልፍ ጢጥ ጢጥ ሲል ሰሃኑ ላይ የቀረው የቺዙ ክፍል ግማሽ ነበር። ሚሬ ጫማዋን ሳታወልቅ አንገቷን አሰገገች።

«ማነው ይሄን የበላው?»

«እኛ» አለች ሶዳም። «እማ፣ አባባ ግን ምግብ ይመርጣሉ። ቺዝ ቀምሰው አያውቁም።»

«አባዬ? የመርከቡ ምርቃት ፒዛስ?»

አቶ ታክ ማዶ ያለውን ኪያር በትኩረት ይመለከቱ ነበር። «ለአንቺ አስቤ ነዋ።»

«ሠላሳ ዓመት!» ሚሬ በሩን ተደግፋ ሳቀች።

«አትሳቂባቸው» አለች ሶዳም። «ቀስ እያሉ ማስለመድ ነው። እኔ ከሌለሁ ማን ያበላቸዋል?»

ሰኞ ምዝገባው ቀረ፤ ከሰዓት በኋላ የመዋለ ሕፃናቱ አውቶቡስ እንደ ወትሮው ሶዳምን ሊያወርድ ከሕንጻው በር ፊት ቆመ። ሶዳም ቦርሳዋን አያቷን አሸክማ ሽቅብ አየቻቸው።

«ምሳ ምን በሉ?»

«ሩዝና የጎመን ኪምቺ።»

«ብቻ?»

«ብቻ።»

ሶዳም ረጅም ትንፋሽ አወጣች፤ እጅጌዋንም መሰብሰብ ጀመረች።

«እሺ፣ ግዴለም» አለች። «እጄን ልታጠብና እንጀምር።»